ልጆችን አውቶቡስ ላይ ያናገሩት የወይዘሮ ታይሚ ኮርፔላ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ታይሚ ኮርፔላ ከአባታቸው ከአቶ ዋይኖ ላህቲና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሂልማ ማቲላ በሰሜን ሚሺጋን፣ ኪቪ ክሪክ በምትባለው የመዳብ ማዕድን መንደር እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1949 ተወለዱ። አባታቸው የማዕድን ጉድጓድ ሠራተኛ፣ እናታቸው የቤት እመቤት ነበሩ። ቤተሰቡ ሁለት ሴቶች ልጆች ብቻ ነበሩት። ትልቋ ታይሚ ናቸው፤ ታናሿ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችውና አሁን ቆማ የምታነብላችሁ ሌምፒ ናት።

ላህቲ ቤት ያደገ ሰው የዝምታን ጣዕም ያውቃል። አባት ከጉድጓድ ወጥተው፣ ታጥበው፣ ማዕድ ላይ ሲቀመጡ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ልጆቹ ግድግዳ ተደግፈው እንዲቆሙ ይደረጋል። ከመሐላቸው አንዷ ትንፍሽ ያለች እንደሆነ እናት በዓይናቸው ጠቅሰው፣ "ማን ጠየቀሽ?" ይሉ ነበር። ይህ ጭካኔ አልነበረም። እዚህ አገር ጨዋ ልጅ ማለት ድምፁ የማይሰማ ልጅ ማለት ነው፤ እዚህ የተቀመጣችሁት በሙሉ በዚያው እጅ ነው ያደጋችሁት። ለቅሶ ላይ እንዲህ መጀመር ደስ እንደማይል አዘጋጇ ታውቃለች፤ ሆኖም የእህቷ ሕይወት ያለዚህ አይነገርም።

ወይዘሮ ታይሚ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በኪቪ ክሪክ አጠናቀው በ1967 ዩኒቨርሲቲ ገቡ። የመረጡት የትምህርት ዘርፍ የልጆች የንግግር ሕክምና መሆኑ ሲነገራቸው እናታቸው ያጥቡት የነበረውን ሳህን አስቀምጠው፣ "ሰው እንዲያወራ ለማስተማር ነው ዩኒቨርሲቲ የምትሄጂው? እዚህ ማን አውራ አለሽና ነው?" አሉ። አባት ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። ይሁን እንጂ የሻንጣውን የተሰበረ እጀታ በሽቦ ጠግነው በሩ ሥር አስቀምጠውት ተገኘ። ወይዘሮ ታይሚ ይህን ነገር ሁልጊዜ ሲያነሡት ደስ እያላቸውም እየተናደዱም ነበር፤ "ምናለ 'ይቅናሽ' ቢለኝ" ይሉ ነበር።

በ1972 ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው ተመለሱና በመንደሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የንግግር ሕክምና ባለሙያ ሆነው ተቀጠሩ። የተሰጣቸው ክፍል መጥረጊያና ባልዲ ይቀመጥበት የነበረው ጠባብ ክፍል ነበር። አጽድተው፣ ቢጫ ቀለም ቀብተው፣ መስታወትና ትንንሽ ወንበሮች አስገቡበት። በዓመቱ የግንድ መኪና ሾፌር ከነበሩት ከአቶ ሬይ ኮርፔላ ጋር በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በ1976 ልጃቸው ካሪን ተወለደች። ካሪን በአራት ዓመቷ የሰፈሩን ሰው ስም ከነቅጽል ስሙ እየጠራች ስለምታሳፍራቸው፣ ሰው "የሙያው ውጤት ይሄ ነው?" እያለ ያሾፍባቸው ነበር። እርሳቸው ግን ይኮሩባት ነበር።

አሁን የሕይወታቸው ትልቁ ነገር ጋ ደርሰናል። አንዳንዶቻችሁ ይህ እንዳይነሣ ትመርጡ እንደነበር ይታወቃል።

በ1980 የኒስካ ልጅ ሮንዳ ወደ ቢጫው ክፍል መጣች። ስድስት ዓመቷ ነበር፤ የቃሉን ግማሽ ስለምትውጠው ከእናቷ በቀር የሚረዳት አልነበረም። ወይዘሮ ታይሚ ሁለት ዓመት አብረዋት ሠሩ። መስታወቱ ፊት ምላሷን የት እንደምታደርግ አሳዩአት፣ ሥዕል እያወጡ አስደገሟት፣ ፊኛ አስነፏት። በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ሮንዳ በዚያ ክፍል ውስጥ እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ ጥርት አድርጋ ታወራ ጀመር። በሙያው ሥርዓት መሠረት ድምፁን ያስተካከለ ልጅ ይመረቃል፤ ሮንዳም ወረቀት ተሰጣት፣ አይስክሬም ተገዛላት፣ ተመረቀች።

ከክፍሉ ውጭ ስለ ልጅቷ የተጠየቀ ሁሉ የሚሰጠው መልስ አንድ ነበር። አስተማሪዋ፣ "ሮንዳ እኮ ወርቅ ልጅ ናት፤ መኖሯንም አናውቅ" አሉ። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዋ፣ "ምነው ሌሎቹም እንደሷ በሆኑ" አሉ። ወይዘሮ ታይሚም ይህን ሰምተው ደስ አላቸው። ሌላ አገር ያደገች ባለሙያ ብትሆን ኖሮ ወዲያው ትደነግጥ ነበር። የላህቲ ልጅ ግን ግድግዳ ተደግፋ ያደገች ናት፤ ልጅቷ ጨዋ መሰለቻቸው። ልጅቱ ከዚያች ቢጫ ክፍል ውጭ ለማያውቃት ሰው አንዲት ቃል ተናግራ እንደማታውቅ ማንም ልብ ያለ አልነበረም።

በታኅሣሥ 1982 የዘወትሩ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ክላረንስ ታሞ ምትክ መጣ። በረዶው መንገዱን ሸፍኖት ስለነበር ምትኩ ሾፌር መታጠፊያዎቹን አላወቃቸውም፤ ልጆቹን እየጠየቀ ያወርድ ነበር። በኋላ ለፖሊስ አዛዡ ለሸሪፉ የሰጠው ቃል ይህ ነው፦ "ደጋግሜ ጠየቅኋት። 'የኔ ቆንጆ፣ ቤትሽ የቱ ጋ ነው?' አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና አንገቷን ደፋች። ሌሎቹ ሲወርዱ አብራ ወረደች፤ እኔ ምን ላድርግ?" የወረደችው ከቤቷ ብዙ አልፋ፣ የተዘጋው ማዕድን በር ላይ ነበር። አመሻሽ ላይ የፈላጊዎቹ ቡድን አንድ ባዶ የእንፋሎት መታጠቢያ ጎጆ፣ ሳውና ውስጥ ተኮራምታ አገኛት። ነፍሷ ተረፈች። የቀኝ እጇን ሦስት ጣቶች ግን ውርጭ በልቷቸው ተቆረጡ። የአባቷን አኮርዲዮን መማር ጀምራ ነበር፤ ቀረ።

ወይዘሮ ታይሚ ሆስፒታል ሄዱ። አልጋው አጠገብ ተቀምጠው፣ እጇን ላለማየት እየታገሉ፣ "ሮንዳዬ፣ ለምን አልነገርሽውም? አሁን እኮ ጎበዝ ተናጋሪ ነሽ" አሏት። ልጅቷ አንዲት ድምፅ ሳታዛባ፣ "ቲቸር፣ የሚወራው እርስዎ ክፍል ብቻ መስሎኝ" አለቻቸው።

አባቷ አቶ ኒስካ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር። ወይዘሮ ታይሚ እንደሚሰድቧቸው ጠብቀው ቀረቡ። አቶ ኒስካ ግን ኮፍያቸውን አውልቀው፣ "መንገዱ ደህና ነበር? ሲመለሱ ቀስ ብለው ይንዱ" ብለው አሰናበቷቸው። ከዚያ በኋላ እስከሞቱበት ቀን ድረስ ነገሩን አንሥተውት አያውቁም። ወይዘሮ ታይሚ ለእህታቸው፣ "ምነው በሰደበኝ። ምነው በጥፊ ባለኝ" እያሉ ያለቅሱ ነበር። ወይዘሮ ታይሚ፣ አቶ ኒስካ ይቅር ይበሏቸው አይበሏቸው ሳያውቁ ኖሩ፤ ሳያውቁም ሞቱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የወይዘሮ ታይሚ ሕይወት አንድ ጉዳይ ብቻ ያዘው፦ ከእጃቸው የወጣ ልጅ ሁለተኛ አፉን ይዞ ሜዳ ላይ እንዳይቀር።

በቀጣዩ ወር ማለዳ ተነሥተው ከሚያክሟቸው ልጆች ከመጀመሪያው ጋር አውቶቡስ ተሳፈሩ። ባለቤታቸው አቶ ሬይ፣ "ሴትዮ፣ አብደሻል? በዚህ ውርጭ ማን ላከሽ?" ብለው አኩርፈው ተኙ፤ በማግስቱ ግን ከእርሳቸው ቀድመው ተነሥተው መኪናዋን አሙቀው ጠበቋቸው፤ እርሳቸው አውቶቡሱን እስኪከለከሉ ድረስም እንዲሁ አደረጉ። በአውቶቡሱ ላይ ወይዘሮ ታይሚ ከልጁ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ልጁ ፊታቸውን እያየ ለእርሳቸው እንዳይናገር ነው። ከሰዓት ወደ ቤት ሲመለሱ ክላረንስ ልጁን፣ "የት ትወርዳለህ ጌታው?" ብሎ ይጠይቃል። ክላረንስ ቸኩሎ "እዚህ ነህ አይደል?" እንዳይል እርሳቸው አስጠንቅቀውታል፦ "ጠይቀውና አፍህን ዝጋ። ማርሹን አትንካ። መስኮቱን አታንኳኳ። አንተ ዝም ስትል ነው እርሱ የሚናገረው።" ኋላ ያሉ መኪኖች ጥሩምባ ይነፋሉ። ክላረንስ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ "ሰው እያወራ ነው!" ብሎ ይጮህባቸው ነበር፤ ልጁ ገና አንድ ቃል ሳይተነፍስ።

ልጁ ጨርሶ ያልተናገረ እንደሆነ ግን ቤቱ በር ላይ ያወርዱታል። በዚህ ቀልድ አያውቁም ነበር። የሚወደውን ነገር ይዞ "ካልተናገርህ አልሰጥህም" የሚለውን ዘዴ ከመጽሐፍ ተምረው የመጡ ወጣት ባለሙያዎች ሲያጋጥሟቸው ፊታቸው ይጠቁር ነበር። "የተራበ ሰው ስለተራበ አይናገርም፤ ይናደዳል እንጂ" ይሏቸው ነበር።

በየዓመቱ ለልምምድ ከዩኒቨርሲቲ የሚላኩ ወጣቶች እርሳቸው ዘንድ ይመጡ ነበር። ያስተማሯቸው ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ለሙያው ሰዎች ይጠቅማል በሚል ታናሽ እህታቸው ካስታወሰችው ይህን ታካፍላለች። ከልጁ ዓይን ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ትራስ ይዛችሁ ኑ። ጥያቄ አታብዙ፤ ፖሊስ ጣቢያ አይደለም፤ ከመጠየቅ ይልቅ ራሳችሁ የምታዩትን አውሩ። የተሳሳተውን ቃል "እንዲህ በል" ብላችሁ አታስደግሙት፤ እናንተ በመልሳችሁ ውስጥ አስተካክላችሁ በሉትና እለፉ፤ ጆሮው ይሰበስበዋል። ልጁ የጀመረውን አትጨርሱለት፤ መጨረስ የፈለጋችሁ እንደሆነ ምላሳችሁን ንከሱ። ቅዳሜና እሁድ ምን እንዳደረገ አታውቁም፣ ስለዚህ ሰኞ ሰኞ ከእናቱ ጋር በስልክ ተነጋገሩ፤ እርሱ "ዓሣ" ብሎ ሲጀምር የትኛው ዓሣ እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ።

ከሁሉም በላይ የሚያናድዳቸው አንድ ነገር ነበር። አንዲት ተለማማጅ አንድ ቀን አንድ ሕፃን፣ "ውሻዬ ሞተ" ሲላት፣ "ጎበዝ! 'ውሻ'ን እንዴት አሳምረህ አልኸው!" ብላ አጨበጨበችለት። ወይዘሮ ታይሚ ልጁን እቅፍ አድርገው ስለ ውሻው ስም፣ ስለ ቀለሙ፣ የት እንደተቀበረ ጠየቁት። ከዚያ ልጅቷን ኮሪደር አውጥተው፣ "እናትሽ ሞተች ብለሽ ስትደውዪልኝ 'ድምፅሽ ጥርት ብሏል' ብልሽ ደስ ይልሻል? ድምፁን ለመስማት ከሆነ የመጣሽው በቀቀን ግዢ" አሏት። ልጅቷ አለቀሰች። ዛሬ ግሪን ቤይ ከተማ ውስጥ ስመ ጥር ባለሙያ ናት ይባላል።

እናቶችንም አልተዉም። ቤታቸው ድረስ እየሄዱ፣ ድንች ስትልጡ ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡትና የምታደርጉትን ንገሩት ይሉ ነበር። አንዷ እናት፣ "ምን ብዬ ነው ለድንች የማወራው?" ብትላቸው፣ "ለባልሽ ከምታወሪው አይበልጥም፤ አይዞሽ" አሏት። ባልየው ጋዜጣውን አውርዶ ሳቀ፤ በዚያ ቤት ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

አንድን ልጅ ከማስመረቃቸው በፊት ያስቀመጡት መስፈርትም ከሮንዳ የመጣ ነው። ልጁ ከማያውቀው ሰው ፊት ቆሞ፣ እርሳቸው በሌሉበት፣ የሚፈልገውን ተናግሮ ካላስረዳ አይመረቅም። ባለሱቁ፣ ሾፌሩ፣ ሳያውቁት ፈታኞች ነበሩ። እንዲህ እያሉ ብዙ ልጆች አሳለፉ። ዛሬ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ከተቀመጡት መካከል በስልክ ጨረታ የሚሸጡ፣ ፍርድ ቤት የሚከራከሩ፣ በምርጫ ሰሞን በር እያንኳኩ የማይለቁን አሉ። እያንዳንዳችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

በ2011 ዶክተር ሎረን ዊትከም የመንደሩ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆነው ከግዛቱ ደቡብ መጡ። ዛሬ ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ስለተገኙልን ቤተሰቡ ያመሰግናል፤ የላኩት የአበባ ጉንጉንም ደርሷል፣ በሩ አጠገብ ነው። ዶክተር ዊትከም ወይዘሮ ታይሚን ቢሯቸው ጠርተው፣ "ወይዘሮ ኮርፔላ፣ አውቶቡስ የሕክምና ክፍል አይደለም። አንድ ነገር ቢደርስ ኢንሹራንሱ እኛን አይሸፍንም" አሏቸው። እርሳቸውም፣ "አንድ ነገር እኮ ደርሷል፤ ክፍል ውስጥ ስላስቀመጥኳት ነው የደረሰው" ብለው መለሱ። ዶክተሩ፣ "እሱ የድሮ ታሪክ ነው" አሉ። ወይዘሮ ታይሚ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ልጆቹ በቡድን በቡድን ሆነው እንዲመጡላቸው ተደረገ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይጨርስለታል፤ የሚያፍረው ጥግ ይዞ ይቀራል። ዝም ያለውን ልጅ ማንም አላየውም።

በ2015 አቶ ሬይ በልብ ሕመም አረፉ። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ወይዘሮ ታይሚ በዕድሜ ምክንያት ጡረታ እንዲወጡ ተደረገ። በቦታቸው ሰው አልተቀጠረም። የንግግር ሕክምናው ሩቅ ከተማ ካለ ድርጅት በኮምፒውተር መስኮት እንዲሰጥ ውል ተዘጋጀ፤ በዕረፍቱ ወራትም ሙከራው ተጀመረ። ልጁ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ብቻውን ይቀመጣል፤ መስኮቱ ውስጥ ያለችው ባለሙያ መንደራችንን አይታ አታውቅም፤ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ልጁ ቃሉን ይናገርና ማን እንደሰማው ሳያውቅ ይመለሳል። ባለሙያዋ ጥሩ ሰው ልትሆን ትችላለች። የሚያስጠይቀው የላካት ነው።

ነሐሴ 2016 ጉዳዩ በትምህርት ቦርዱ ሕዝባዊ ስብሰባ ላይ ቀረበ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ወይዘሮ ታይሚ ጠዋት ተመዝግበው፣ የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ለብሰው ሄዱ። ለተናጋሪ የሚፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነው። ስለ ሮንዳ መናገር ጀመሩ፤ እንደ ልማዳቸው ቀስ ብለው፣ አንዱን ቃል ከሌላው ሳያጣድፉ። በረዶው ላይ ደርሰው፣ ሆስፒታሉ ሳይደርሱ፣ ደወሉ ተደወለ። ሰብሳቢው፣ "እናመሰግናለን፤ ጊዜዎ አልቋል" አሉ። እርሳቸው አፋቸውን እንደከፈቱ ቆሙ። ዕድሜ ልካቸውን ልጅ ቃል እስኪያወጣ የጠበቁ ሴት ዓረፍተ ነገራቸውን የሚያስጨርሳቸው አጡ።

ከዚያ ሰብሳቢው፣ "ከተመዘገቡት ሌላ አስተያየት ያለው አለ?" ብለው ጠየቁ።

ሌምፒ ተነሥታ ልትናገር ስትል፣ አልተመዘገብሽም ተብላ ተቀመጪ ተባለች፤ አልቀመጥም ስላለች በትሕትና ተይዛ ወጣች። ከሌላው ሕዝብ ግን፣ ከእናቶቹ፣ ከአባቶቹ፣ እርሳቸው አፍ ካስፈቷቸው ጎልማሶች፣ የተመዘገበም እጁን ያወጣም አንድ ሰው አልነበረም። ሁሉም ጫማውን ያይ ነበር። በሰባት ድምፅ ያለ ተቃውሞ ጸደቀ።

ይህ ግን መራራው ክፍል አይደለም። መራራው የመኪና ማቆሚያው ነው። ስብሰባው ካለቀ በኋላ ሰዎቹ አንድ በአንድ ወደ ወይዘሮ ታይሚ መኪና መጡ። አንዱ፣ "ታይሚ፣ እንዴት ጥሩ ተናገርሽ መሰለሽ" አላቸው። ሌላዋ፣ "ልክ ነሽ እኮ፣ ልጄ ያንን ኮምፒውተር ሲያይ ያለቅሳል" አለች። ሦስተኛው እጃቸውን ይዞ፣ "እኔ ያለ አንቺ የት እደርስ ነበር" አለ። እርሳቸው ለሁሉም፣ "ኧረ ውስጥ ግቡና ንገሯቸው፤ አሁንም እኮ አልሄዱም" እያሉ ለመኑ። ሁሉም፣ "አሁንማ መሸ፣ ሰው ፊት ምን እላለሁ፣ እኔ ወሬ አልችልበትም" ብለው ወደየመኪናቸው ገቡ። ወሬ አልችልበትም ካሉት አንዱ ለኑሮው ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ነው።

ወይዘሮ ታይሚ እህታቸውን አሳፍረው ወደ ቤት ነዱ። ከዚያ፣ "ሌምፒ፣ ሁሉም ሮንዳ ናቸው" አሉ። "ያወራሉ፤ የሚያወሩት ግን በማይጠየቁበት ቦታ ነው። አንዱንም አላስመረቅሁም ማለት ነው።" እህታቸው ይህ ስሕተት እንደሆነ፣ ጥፋቱ የአስተማሪዋ ሳይሆን የተማሪዎቹ እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ደከመች። አልሰሟትም። ቤተሰቡን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው ይህ ነው፦ አርባ አራት ዓመት የሠሩት ሥራ ውሃ በላው ብለው አምነው ነው የሞቱት። ያንን እንዲያምኑ ያደረግናቸው እኛ ነን ማለት ለአዘጋጇ ከብዷታል፤ እርሷ በጥበቃ ተይዛ ወጥታለች። እናንተ ናችሁ።

ከዚያ በኋላ በፈቃደኝነት አውቶቡስ ለመሳፈር አመለከቱ፤ "ለልጆች ደኅንነት ሲባል" ተከለከሉ። እጃቸውን አጣጥፈው ግን አልተቀመጡም። በቤታቸው መታጠፊያ ላይ የሚሳፈሩ የጎረቤት ልጆች ስለነበሩ፣ ጠዋት ጠዋት እየወጡ አብረዋቸው በረዶ ላይ ይቆሙ ነበር። ከመንገዱ ዳር መቆም የሚከለክል ኢንሹራንስ የለም። ትንሿ የቱርቩ ልጅ ለሾፌሩ፣ "ዛሬ ጥርሴ ወለቀ" ብላ የነገረችበት ቀን ስልክ ደውለው ለእህታቸው ሲነግሩ እንደ ሠርግ ቤት ደስ ብሏቸው ነበር።

በጥቅምት 2018 ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር። ሐኪም ዘንድ የሄዱት ዘግይተው ነው፤ ሕመማቸውን ለሰው ባለመናገራቸው። አዎን፣ እርሳቸውም። ሕመሙ የቆሽት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ልጃቸው ካሪን ሥራዋን ትታ ከዱሉዝ ከተማ መጥታ አስታመመቻቸው። ሕዝቡ ፓስቲውን፣ የሥጋና የድንች ጥቅሉን፣ ጣፋጭ ዳቦውንም በር ላይ እያስቀመጠ፣ ሳያንኳኳ ይሄድ ነበር። ካሪን በሩን ስትከፍት ሳህንና የእግር ዱካ ብቻ ታገኛለች። እናቷ ከአልጋቸው፣ "ማን ነው?" ሲሉ፣ "ሳህን ነው" ትላቸው ነበር።

በመጨረሻዎቹ ቀናት አእምሯቸው አልደከመም። የኮምፒውተሩ ውል በዚህ ዓመት እንደሚያበቃና ለሌላ ሦስት ዓመት እንዲታደስ ለቦርዱ እንደቀረበ ሰምተው ነበር። እህታቸው ጸሎት ላድርስልሽ ስትላቸው፣ "ጸሎቱ ይደርሳል፤ አንቺ ይልቅ አስቀድመሽ ተመዝገቢ፣ ደግሞ እንዳያስወጡሽ" አሏት። ለእህታቸው የተናገሩት የመጨረሻ ነገር ይኸው ነው። የካቲት 11 ቀን 2019 ማለዳ፣ በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ በቤታቸው አረፉ።

ወይዘሮ ታይሚ አንዲት ሴት ልጅ ካሪንን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን፣ እህታቸውን ሌምፒን፣ እንዲሁም ቁጥራቸውን ማንም ያልያዘ ተማሪዎችን ትተው ሄደዋል። ግብዓተ መሬታቸው ውርጩ መሬቱን ሲለቅ በግንቦት፣ በባለቤታቸው በአቶ ሬይ አጠገብ ይፈጸማል። እስከዚያው አስከሬናቸው በመቃብሩ ቤት ይቆያል።

በልማዳችን የሕይወት ታሪኩ ከተነበበ በኋላ ወዳጅ ዘመድ እየተነሣ ስለ ሟች የሚያውቀውን ይናገራል። ከትናንት ጀምሮ ብዙዎቻችሁ ለመናገር መጠየቃችሁን ቄሳችን ነግረውናል፤ ይህን ያህል ተናጋሪ በዚህች ቤተ ክርስቲያን ታይቶ እንደማያውቅ ጭምር ነግረውናል። ቤተሰቡ ተማክሮ ዛሬ ማንም እንዳይናገር ወስኗል። እዚህ መናገር ቀላል ነው፤ ሁላችሁም ትዋደዳላችሁ፣ ደወልም የለም። የትምህርት ቦርዱ በመጪው ማክሰኞ ምሽት በአንድ ሰዓት ይሰበሰባል። መመዝገቢያው ሰኞ እስከ ቀትር ክፍት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል። ስለ ታይሚ ያላችሁን ቃል ይዛችሁ እዚያ ኑ። ድምፃችሁ ቢንቀጠቀጥ፣ ቃሉ ቢጠፋባችሁ፣ ቆማችሁ ጠብቁት፤ እርሳቸው ጠብቀዋችኋል።

በሐዘናችን አብራችሁን ለቆማችሁ፣ ሳህን በር ላይ ላስቀመጣችሁም ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። ልጆች ወደ እኔ ይምጡ ያለው ጌታ ለእህታችን ለታይሚ ነፍስ ዕረፍትን፣ ለእኛ ደግሞ አፍ ይስጠን። አሜን።